ዳስ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

መንዝ በደቡብ በሞፈር ወንዝ፣ በምዕራብ በአዳባይና በወንጪት፣ በሰሜን በቀጨኔ የሚዋሰን፣ በምሥራቅ ደግሞ ከኤፍራታ፣ ከግድምና ከቀወት ቆላ በሚለየው የተራራ ሰንሰለት የተከለለ ደጋ ሲሆን፣ ግሼ በስተሰሜን ተያይዞት፣ መርሐቤቴ ደግሞ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል ተነጥሎ ይገኛል። የዚህ አገር ሕዝብ በየጎጡ ተበታትኖ፣ በድንጋይ ካብ ቤት እየኖረ፣ በደጋው ገብስ እያመረተና በግ እያረባ ዘመናትን ያሳለፈ በመሆኑ፣ ዛሬ ከተማ የሚባሉት መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ከመስፋፋታቸው በፊት ቲያትር ቤትም ሆነ የሙዚቃ አዳራሽ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ኪነት ግን አላጣም፤ ግጥሙ፣ ዜማው፣ ጭፈራውና የእጅ ጥበቡ የሚታዩባቸው ሦስት ቦታዎች ነበሩት፤ እነዚህም ቤተ ክርስቲያን፣ የጨዋታ መስክና ዳስ ናቸው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ ሁለተኛውም ከገናና ከጥምቀት ጋር ሲነሣ ይኖራል፤ ሦስተኛው ግን ድግሱ ሲያበቃ የሚፈርስና በቦታው ምልክት የማይተው በመሆኑ በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ የሚገባውን ስፍራ አላገኘም።

ዳስ ለሠርግ፣ ለተዝካር ወይም ለሌላ ከፍ ያለ ድግስ ሲባል በደጋሹ ግቢ የሚጣል ጊዜያዊ መጠለያ ነው። ቋሚ እንጨቶች ተተክለው በአግዳሚ ይያያዛሉ፤ ጣሪያውና ዙሪያው በቅጠል ወይም በሣር ይሸፈናል፤ መሬቱም ቄጠማ ወይም ሌላ ለምለም ሣር ይጎዘጎዝበታል። ነገሩ ሲወራ ቀላል ቢመስልም በመንዝ ደጋ እንጨት ብርቅ ነበር። ሕዝቡ የሚያነደው ኩበት እንጂ እንጨት አልነበረም፤ ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደ ሩቁ ደጋ ለመዝለቅ ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ ወስዶበታል። ከዚያ በፊት ለዳስ የሚሆነው ከየወንዙ አፋፍ የተረፈው ጥድና ወይራ፣ በከፍታውም ላይ የሚበቅለው አስታ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ጥድ እንዳይነካ የተከበረ ነውና። በዚህ ምክንያት ዳስ የአንድ ቤተሰብ አቅም ብቻውን የሚያቆመው ነገር አልነበረም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚውም አግዳሚውም ከጎረቤትና ከዘመድ በውሰት የሚሰበሰብ፣ ጉልበቱም በደቦ የሚገኝ ነበር። ደቦ ማለት ጠሪው ምግብና መጠጥ አቅርቦ ጎረቤት በአንድነት የሚሠራለት የጋራ ሥራ ነው፤ ዛሬ የተረዳ ሰው ነገ ሲጠራ እንዲመጣ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ዳሱ ገና ሳይቆም የመንደሩን የውለታ መዝገብ ያሳይ ነበር፤ ማን እንጨት እንዳመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማንስ በቂም እንደራቀ ሁሉም ያውቃል።

የገበሬው ዳስ ሥርዓቱን ከመሳፍንቱና ከነገሥታቱ ግብር ወርሷል። ግብር ንጉሥ ወይም ባላባት ሠራዊቱንና ሕዝቡን የሚያበላበት ድግስ ሲሆን፣ ሰዎች እንደ ማዕረጋቸው ተራ በተራ ገብተው የሚመገቡበት፣ አዝማሪ የሚያወድስበትና የሚወቅስበት፣ ጀግና የሚፎክርበት ታላቅ ጉባኤ ነበር። መንዝ ለዚህ ባዕድ አልነበረም፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የሸዋን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ነጋሢ ክርስቶስ የተነሣው ከመንዝ፣ ጌራ ምድር ከአጋንቻ ነው። ከዘሮቹ አንዱ የሆነው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዛ እናቱ ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው በዙሪያው ያለውን አገር ያስተዳድሩ ነበር። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲያቀና በሰላ ድንጋይና በመንዝ በኩል አልፏል፤ በዚያው ዘመን ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስም የንጉሡን ግብር በሰፊው ጽፏል። የእነዚህ ሰዎች ጽሑፎች ለታሪክ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ነገር ግን ዐይናቸው በቤተ መንግሥቱ ላይ ያረፈ በመሆኑ፣ ያንኑ ሥርዓት በትንሹ ደግሞ ያቆመውን የገበሬ ዳስ ሳያስተውሉት አልፈዋል። በገበሬው ዳስም ካህናትና ሽማግሌዎች በክብር ቦታ ይቀመጣሉ፤ እንጀራው ሳይቆረስ ካህኑ ይባርካል፤ ሰው ተራ በተራ ይገባል፤ ከሁሉ በኋላ ወጣቶችና ልጆች ይበላሉ።

ዳስ በዋናነት የሚጣለው ለሠርግ ነበር፤ ሠርጉን ያከበደው ደግሞ ከደስታው ይልቅ ርስቱ ነው። ርስት አንድ ሰው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት በመወለዱ ብቻ ከመሬቱ ድርሻ የመጠየቅ መብት የሚያገኝበት የዘር ውርስ ሲሆን፣ በአማራው ደጋ ይህ መብት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። መንዞች አገራቸውን ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ብለው በሦስት የሚከፍሉትም በትውፊት መሠረት መሬቱን በያዙት በሦስቱ አባቶች፣ በማማ፣ በላሎና በጌራ ስም ነው። የጓሳ የሣር ምድርም በዚሁ ሥርዓት ይተዳደር ነበር፤ ይህም ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሰፊ ሜዳ ሲሆን፣ ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ተጠቃሚዎች የሚመርጧቸው አለቆች ሣሩ የሚታጨድበትንና የሚዘጋበትን ጊዜ ይወስኑ ነበር። ከጓሳው የሚገኘው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ፣ ማለትም እረኛው ለዝናብ ለሚደርበው የሣር ልብስ ይውላል። እንግዲህ ወንድና ሴት ልጅ ሲጋቡ የሁለት ቤት ርስት ወደ ልጆቻቸው ስለሚፈስ፣ ሽማግሌ የሚልከው ቤተሰብ የሙሽሪትን መልክና ጠባይ ብቻ ሳይሆን የትውልድ ሐረጓን እየቆጠረ ያጣራ ነበር። ሥርዓቱም ሦስት ዓይነት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቆርበው የሚጋቡበትና ፍቺ የማይፈቅደው የቁርባን ጋብቻ፣ በሽማግሌዎችና በዋሶች ፊት በውል የሚታሰረው የሰማንያ ጋብቻ፣ ሴቲቱም በደመወዝ የምትገባበት ጊዜያዊ የደሞዝ ጋብቻ። ዳስ የሚያስጥለው ከሁሉም ይልቅ ሰማንያው ነበር።

ወቅቱን የሚወስነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከትንሣኤ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ደጋው በሠርግ ይሞላል። በጾም ግን ከበሮው ይሰቀላል፤ በገና የሚችል ሰው ቢገኝ እንኳ ድምፁ የሚሰማው ለጸሎት እንጂ ለጭፈራ አይደለም። በሠርጉ ቀን የሙሽራው አጃቢዎች እየጨፈሩ ሲደርሱ የሙሽሪት ወገን በር ላይ ቆሞ በዘፈን ይከለክላቸዋል፤ በሁለቱ መካከል የሚደረገው የግጥም ትግል የዳሱ የመጀመሪያ ትርኢት ነው። ሚዜዎቹ ከገቡ በኋላ ሴቶች ከበሮ እየመቱ፣ አንዲቷ አውራጅ ሆና ስታወጣ ሌሎች ተቀባይ ሆነው ይመልሳሉ። ዘፈኖቹ ብዙ ጊዜ ከእናቷ ስለምትለይ ልጅ የሚናገሩ መሆናቸው በባዶ ልማድ የመጣ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሙሽሮች ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ስለነበሩ በዳሱ ውስጥ የሚሰማው ልቅሶ እውነተኛ የሕፃን ልቅሶ ነበር። የዛሬ ሕግ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት ማድረጉ ተገቢ ነው፤ ስለ ዳሱ ውበት የሚጽፍ ሰው ይህንን ጥላ መሸፈን የለበትም።

ከምግቡ በኋላ ተራው የአዝማሪው ነው። አዝማሪ መሰንቆ፣ ማለትም በአንድ አውታር በደጋን የሚጫወቱትን መሣሪያ እየመታ በቃሉ ግጥም የሚፈጥር ሙያተኛ ነው። በዳስ ውስጥ ግን ግጥሙ የእርሱ ብቻ አይደለም። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ስንኙን ተቀብሎ በዜማው ውስጥ ያስገባዋል፤ ከወዲያኛው ጥግ ሌላ ሰው መልስ የሚሆን ስንኝ ይሰጠዋል፤ እርሱንም ያዜመዋል። በዚህ መንገድ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሊናገሩት የማይደፍሩትን ነገር በአዝማሪው አፍ ይነጋገራሉ። የሚወደደውም ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም ነው፤ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ሲሆን ወርቁ በውስጡ የተሸሸገው ዋና ሐሳብ ነው፤ ስያሜውም ወርቅ አንጥረኛ በሰም ቅርጽ አበጅቶ ወርቁን ከሚያፈስበት ሥራ የተወሰደ ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በመንዝ ጥናት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1965 ላሳተመው መጽሐፍ ስም ያደረገው ይህንኑ ነው። መንዜ በክርክር ችሎታው፣ በበልሃ ልበልሃ ሙግት የታወቀ ነው፤ ይኸው ንግግርን አጣምሞና አስውቦ የመያዝ ሙያ ከችሎት ይልቅ በዳስ ውስጥ ሳይሰለጥን አልቀረም፤ ልጆች በዳሱ ጥግ ተቀምጠው ወርቁን ፈልቅቆ ያወጣው ሽማግሌ ሲሣቅለት እያዩ ያድጋሉና።

አዝማሪ በማይገኝበት፣ ወይም ደጋሹ አቅም በሚያጣበት ቦታ ገበሬው ራሱ ይበቃል። እረኛው ዋሽንቱን፣ ጎበዙ ቀረርቶውን፣ ልጃገረዷ እስክስታዋን ይዛ ትመጣለች። ከዚህ ሌላ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙ ላሊበሎች ነበሩ፤ እነዚህ በዘር የሚተላለፍ የልመና ዜማ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ የቤቱን ጌታና የእመቤቲቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ይሰሙና በዜማቸው እየጠሩ ይመርቃሉ፤ ምጽዋት ሲሰጣቸውም ይሄዳሉ። ልመናውን የማያደርግ ለምጽ ይወጣበታል የሚለው እምነት ለመዞራቸው ምክንያት ሆኖ ይነገራል። ድግስ ያለበትን ቤት አያልፉም።

የሞት ድግስ ከሠርጉ የማይተናነስ ኪነት አለው፤ እንዲያውም በግጥም ጥልቀት ይበልጠዋል። ታላቅ ሰው ሲሞት ለቅሶው በመስክ ይወጣል፤ የሟቹ ፈረስ፣ ጋሻና ጠመንጃ፣ ልብሱም ለሐዘንተኛው እየታየ ያልፋል፤ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። ሙሾ የሟቹን ዘር፣ ሥራና ጠባይ በግጥም የሚዘረዝር የልቅሶ ዜማ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ነው። ጥሩ ሙሾ አውራጅ ለአንድ ቤተሰብ የተጻፈ ታሪክ በሌለበት አገር የታሪክ ጸሐፊ ናት፤ የሟቹን አያት እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትቆጥራለች፤ ንፉግ ከነበረም ንፍገቱን በወርቅ ሸፍና ትናገራለች። ከዚያ በኋላ ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ የሚቆጠረው የመታሰቢያ ሥርዓት፣ ተዝካር፣ ይከተላል። የሚከብደው በዐርባኛው ቀን የሚወጣው ሲሆን፣ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው በዳሱ ይመገባሉ፤ ድኻም ይጠግባል። ተዝካር ብዙ ቤተሰብን በዕዳ አስይዟል፤ የእርሻ በሬውን ሸጦ የደገሰ ገበሬ ጥቂት አልነበረም፤ ዳሩ ግን ያው ገበሬ ያለ ተዝካር የቀረ አባት እንዳለው መባልን ከዕዳው የበለጠ ይፈራ ነበር።

በሠርግና በተዝካር መካከል ያለውን ረጅም ጊዜ የሚሞሉት ማኅበርና ሰንበቴ ናቸው። ማኅበር በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ የሚሰበሰቡ ጓደኛሞች ድርጅት ነው፤ አባላቱ በየተራ ይደግሳሉ፤ ጽዋው፣ ማለትም የማኅበሩ የመጠጫ ዕቃ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በጸሎት ይሸጋገራል፤ ተረካቢውም የሚቀጥለው ወር ደጋሽ መሆኑን በሁሉም ፊት ያረጋግጣል። ሥርዓቱን የሚመራው ከአባላቱ የተመረጠው ሙሴ ነው። ሰንበቴ ደግሞ በእሑድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ባለ ቤት ውስጥ ዳቦና ጠላ እየቀረበ የሚካሄድ የአጥቢያ ጉባኤ ነው። ለእነዚህ ዳስ አይጣልም፤ ቤቱ ይበቃል። ነገር ግን የዳሱን ሰው የሚያሰናዱት እነርሱ ናቸው፤ የተጣላ በማኅበር ይታረቃል፤ ድግስ ያለበት ሰው በማኅበሩ ያስታውቃል፤ እንስራ፣ ጋንና መሶብ ከማኅበርተኛ ይዋሳል።

ስለ ዕቃ ሲነሣ የደጋውን ዋና የእጅ ጥበብ ማለፍ አይቻልም። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሸካራና ወፍራም ሲሆን፣ ከእርሱ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራል። ባናና ዝተት ከባድ የብርድ ልብሶች ሲሆኑ፣ በርኖስ ከጥቁር በግ ጠጉር የሚሠራ፣ ባላባትና ሽማግሌ የሚደርበው ካባ ነው። በሌላው አገር ሽመና የተናቀ ሙያ ሆኖ ሲቆጠር፣ በመንዝ የሱፍ ሥራ ከገበሬው እጅ ያልተለየ፣ የክረምቱ ዝናብና ውርጭ ከማሳ ሲያስቀረው የሚሠራው የቤት ሥራ ሆኖ ኖሯል። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ በሽመና ዕቃ ላይ ይሸመናል፤ ከዚያም በውኃ እየራሰ በእግር ይረገጣል፤ ይህ እርግጫ ድሩንና ማጉን አጣብቆ ዝናብ የማያስገባ ያደርገዋል። በድግስ ቀን በመደቡ ላይ የሚነጠፈው ባና ብዛትና ጥራት የቤቱን እመቤት ሙያ ለታዳሚው ሁሉ ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹ በርኖሳቸውን ደርበው ሲቀመጡ ደግሞ የደጋው የእጅ ጥበብ ከግጥሙ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይታያል።

የጣሊያን ወረራ ይህን ሁሉ ወደ ጫካ አወጣው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ራስ አበበ አረጋይን የመሰሉ አርበኞች የተዋጉበት አገር ነበር፤ አርበኛው ብቻውን ሳይሆን ሚስቱን፣ ልጆቹንና አረጋውያን ወላጆቹን ይዞ ስለሚንቀሳቀስ ልደቱም ሠርጉም ልቅሶውም አብሮ ተሰደደ። ለዚህ ሕይወት ከማንኛውም ጽሑፍ የከበደ ምስክር በሰሜን ሸዋ፣ በዘረት የሚገኘው አመፀኛ ዋሻ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በዋሻው ውስጥ የተጠለሉትን የአርበኛውን የተሾመ ሸንቁጥን ተከታዮችና ቤተሰቦቻቸውን ከብቦ በመርዝ ጋዝና በተኩስ ፈጅቷል። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ነገሩን ለዓለም ሲያስታውቅ የሟቾቹን ቁጥር ከአንድ ሺህ በላይ አድርጎታል፤ በኋላ የገቡ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችም የሰዎቹን አፅም ከሸክላ ዕቃቸውና ከእህል ማከማቻቸው ቅሪት ጋር አግኝተዋል። ከነጻነት በኋላ በደጋው ዳሶች የሚሰማው ፉከራና ቀረርቶ ከዚህ ዘመን የወጣ ብዙ ነገር ይዟል፤ ያለ ተዝካር የቀሩትን ሟቾች ማስታወሻ ከሆኑት ጥቂት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።

ዳሱን ከሥሩ ያናወጠው ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ርስት ሲሻር ሠርግ የሁለት የትውልድ ሐረጎች የመሬት ውል መሆኑ ቀረ፤ የጓሳው የአቅኚ አባቶች ሥርዓትም በዚያው ፈረሰ፤ በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖችም እስክስታውንና ቀረርቶውን ከዳስ አውጥተው በስብሰባ መድረክ ላይ አሳዩት። ለመድረኩ ሲባል ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎ ይመጣ ስለነበረ «ተቀበል» የሚለው ቀረ፤ ይህ ጥቂት ጥፋት አይደለም። በሌላ በኩል በከተማ የተወለደው ዕድር ወደ ደጋው ከተሞች ዘለቀ። ዕድር አባላት በየወሩ ገንዘብ እያዋጡ ለቀብር የሚረዳዱበት ማኅበር ሲሆን፣ ከንብረቱ ዋናዎቹ ሸራ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና የምግብ ዕቃ ናቸው። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ሐዘንተኛ ሲቀመጥ በግቢው የሚታየው የቅጠል ጣሪያ ሳይሆን ይህ ድንኳን ሆነ፤ ሠርገኛውም እየተከራየ ይጠቀምበታል፤ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ በመብዛታቸውም እንጨት መዋስ አስፈላጊነቱ ቀነሰ። የደረሰው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ድኻው ለአንድ ቀን ሲል በሬውን አይሸጥም። የቀረው ነገር ደግሞ ዳሱን ለመጣል ሁለትና ሦስት ቀን አብሮ የሚውለው የጎረቤት ጉልበትና በዚያ ሥራ ላይ የሚወጣው ግጥም ነው።

መኪና በማይገባበት የመንዝ ጎጥና የመርሐቤቴ ሸለቆ ግን የዕድር ድንኳን በቀላሉ አይደርስም፤ በዚያ ቅጠል የለበሰው ዳስ ከጥምቀት በኋላ አሁንም ይጣላል። የመማሪያ ክፍል በጎደለበት የገጠር ቀበሌም ወላጆች ለልጆቻቸው ያንኑ ዳስ በዚያው በደቦ ጥለው የዳስ ትምህርት ቤት ሲያደርጉት ይታያል። ከቴፕ ክር ጀምሮ እስከ ስልክ የመጣው መቅረጫ የሠርጉን ዘፈን በሰፊው ይዟል፤ ሙሾን ግን በሐዘን ቤት መቅረጽ ነውር ስለሚባል ያረጁት አውራጆች ሲያልፉ የሚያውቁት የቤተሰብ ታሪክ ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል። ስለዚህ በደጋው ለሚሠራ የባህል ጥናት ቀዳሚው ሥራ የእነዚህን ሴቶች ቃል በፈቃዳቸው፣ ከልቅሶው ቀን ውጭ፣ በራሳቸው ቤት ተቀምጦ መጻፍ ነው።